«ባህላቸው ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው? ኢትኖሴንትሪዝምና የባህል አንጻራዊነት

ሐዋሳ አሞራ ገደል በጠዋት ለሚወርድ ሰው ዓሣው ከጀልባ ወርዶ ወዲያው ይገፈፋል፤ አጠገቡ የቆመው በላተኛ ደግሞ ጥሬውን አዋዜ እያስነካ ይጎርሳል። ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ይህን አይቶ ፊቱን ያዞራል። ያው እንግዳ ባለፈው እሑድ ቁርጥ ቤት ገብቶ ጥሬ ሥጋ በቢላ እየቆረጠ በልቶ ሊሆን ይችላል። ጥሬ ሥጋውን የግብዣ ማዕረግ፣ ጥሬ ዓሣውን አስቀያሚ ያደረገው ከቤቱ ይዞት የመጣው መለኪያ ነው። የራስን ወገን ባህል የነገር ሁሉ ልክ አድርጎ ወስዶ የሌላውን በዚያ መመዘን ኢትኖሴንትሪዝም ይባላል።

ቃሉን በማኅበራዊ ሳይንስ ውስጥ ያስፋፋው አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዊልያም ግራሃም ሰምነር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው ሥራው። ከዘረኝነት ጋር ዝምድና አለው፣ አንድ ግን አይደሉም። ዘረኛው «በተፈጥሯቸው ከእኛ ያንሳሉ» ይላል። ኢትኖሴንትሪኩ «አያውቁበትም፣ ትክክለኛው የእኛ ነው» ይላል፤ ብዙ ጊዜም ክፋት የለበትም፤ በልጅነቱ ሳይጠይቅ የተማረውን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቆጥሮት ነው። የተገለበጠ መልክም አለው፤ ከውጭ የመጣውን ሁሉ፣ በተለይ የፈረንጅ ከሆነ፣ ሳይመዝኑ ከራስ በላይ ማስቀመጥ። ይህም ያው መለኪያ ያለ ምርመራ መውሰድ ስለሆነ መድኃኒት አይሆንም።

ጉዳዩ ሐዋሳ ላይ በደንብ የሚታየው በፍቼ ጫምባላላ ሰሞን ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሚውልበት ቀን በየዓመቱ ይለያያል፤ አያንቶ የሚባሉት የሰማይ አዋቂዎች ከዋክብትንና ጨረቃን ተመልክተው ይወስናሉ፣ ከዚያ ለየጎሳው ይታወጃል። በዓሉ ሐዋሳ ላይ በሚከበርበት አደባባይ፣ ሶሬሳ ጉዱማሌ፣ ለመገኘት የአውቶቡስ ትኬት የሚቆርጥ እንግዳ «ቀኑ የማይታወቅ በዓል ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ያጉረመርማል። ይህ ሰው የሚጾመው ዐቢይ ጾም በየዓመቱ የሚገባበትን ቀን በባሕረ ሐሳብ እንደሚያገኝ፣ ሙስሊም ጎረቤቱም ለኢድ ጨረቃ እንደሚጠብቅ አላስተዋለም። ሲዳማ በባህሉ አራት ቀን ያለው የገበያ ሳምንት እንዳለው፣ ቀኖቹም ዲኮ፣ ደላ፣ ቃዋዶና ቃዋላንካ እንደሚባሉ ቢነገረው ደግሞ «ሦስት ቀን ጎደለ» ሊል ነው። የውጭ አገር ሰው የእኛን 13 ወር አይቶ «ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታችኋል» ሲል ያናድደናል፤ ስሕተቱ ግን እኛም ለሌላው የምናደርገው ነው። የሌላውን ሥርዓት በራሱ ስሌት ማንበብ ትተን ከእኛ የጎደለውን መቁጠር።

ይህ ስሕተት እንጀራ ላይ ሲያርፍ ዋጋ ያስከፍላል። በበሬ ለሚያርስ ገበሬ እርሻ ማለት ትልም፣ አዝመራና ጎተራ ነው። በዚያ ዓይን የእንሰት ጓሮ ጫካ ይመስላል። እንሰት እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል፤ በመሐል ችግኙ ከአንዴ በላይ ተነቅሎ ይተከላል። ሲደርስ ሴቶቹ ይፍቁታል፣ በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ይቀብሩታል፣ እዚያ ይብላላል፤ በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ወራት፣ አልፎም ለዓመታት ይቀመጣል። ተክሉም ራሱ በቁሙ ያለ ጎተራ ነው፤ ዝናብ በጠፋበት ዓመት ሳይደርስም ቢሆን ይቆረጣል። ስለዚህ «በዚህ ዓመት ከሄክታሩ ስንት ኩንታል ተገኘ?» የሚለው የጤፍ ጥያቄ እንሰት ላይ መልስ የለውም። በዚህ ጥያቄ ብቻ የሚመራ ባለሙያ ቤተሰቡን ከረሀብ የሚያወጣውን ተክል አስነቅሎ ሌላ ሊያስተክል ይችላል፤ ቅን ሆኖ ሳለ።

የባህል አንጻራዊነት የመጣው ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት መልስ ሆኖ ነው። ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የሠራው አንትሮፖሎጂስት ፍራንዝ ቦአስ እ.ኤ.አ. በ1883 ሰሜን ካናዳ ወዳለው ባፊን ደሴት ሄዶ ከኢኑይት ሕዝብ ጋር ከረመ። በ1887 ደግሞ በዋሽንግተን ሙዚየም የዕቃ አደራደር ላይ ክርክር ገጠመ። ሙዚየሙ የየሕዝቡን ዕቃ ከባለቤቱ ነጥሎ በዓይነት በዓይነቱ ይደረድር ነበር። ቦአስ የተቃወመው አንድ ዓይነት የሚመስል ዕቃ አንዱ ዘንድ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ሌላው ዘንድ የአምልኮ ዕቃ ሊሆን ስለሚችል ነው፤ ትርጉሙ የሚገኘው ከባለቤቱ ኑሮ መሐል ነው። የአንጻራዊነት ፍሬ ነገር ይህ ነው። ልማዱን ለመረዳት ልማዱ ባለበት ኑሮ ውስጥ አስቀምጠው። የሚያዝዘው የአጠናን ዘዴ ነው፤ «ሁሉም ልማድ እኩል መልካም ነው» የሚል ፍርድ አላወጣም። በአንደኛ ዓመት የሶሻል አንትሮፖሎጂ ፈተና ላይ ተማሪ ነጥብ የሚጥለውም እዚህ ጋ ይመስለኛል።

አንትሮፖሎጂስቶቹ ራሳቸው እዚህ ላይ ተንገዳግደዋል። እ.ኤ.አ. በ1947 የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር፣ የቦአስ ተማሪ በነበረው በሜልቪል ኸርስኮቪትስ መሪነት፣ ለተባበሩት መንግሥታት በላከው መግለጫ የምዕራቡን እሴት ብቻ ይዞ ለዓለም ሁሉ የሚሠራ የመብት ሰነድ ማውጣት እንዴት ይቻላል ብሎ ጠየቀ። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1948፣ የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ በ48 ድምፅ ጸደቀ፤ ስምንት አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ የተቃወመ አልነበረም። ከ48ቱ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ማኅበሩም እ.ኤ.አ. በ1999 ሰብአዊ መብትን የሚደግፍ አዲስ መግለጫ አወጣ።

ታዲያ መፍረድ ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ተራውን ጠብቆ ከሆነ። መጀመሪያ ያዩትን ያለ ቅጽል መጻፍ፤ «ዓሣውን ሳያበስሉ ይበላሉ» እንጂ «አይቀፋቸውም» አይደለም። ቀጥሎ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደሚያደርገው መጠየቅ። ከዚያ በራስ ቤት ያለውን አቻ ፈልጎ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ። ብዙ ፍርድ እዚሁ ላይ ይፈርሳል። ያልፈረሰውን ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ ጉዳት አለው? ጉዳቱ የሚያርፍበት ሰው መርጦታል? እንቢ ማለት ይችላል?

ቁርጥን እንውሰድ። መቅፈፍ ማስረጃ አይሆንም፤ የኮሶ ትል ግን ማስረጃ ነው። ያልተመረመረ ጥሬ ሥጋ ትሉን ያመጣል፤ አባቶችም በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ የነበረው ለዚህ ነው። ጉዳቱ አለ፣ ግን በላተኛው አዋቂ ነው፣ ፈቅዶ ነው፣ ጥብስ ማዘዝም ይችላል። የሴት ልጅ ግርዛት ግን በሦስቱም ጥያቄ ይወድቃል፤ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ነው፣ ልጅቷ አልመረጠችም፣ እንቢ ማለትም አትችልም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ባህልን የማሳደግ መብት እየሰጠ በአንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጎዱ ልማዶችን የከለከለው፣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 565 እና 566 የሚቀጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍርዱ ትክክል ስለሆነ ብቻ ግን ልማዱ አይቀርም፤ አንጻራዊነት እንደገና የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ወላጆች የሚያስገርዙት ልጃቸውን ጠልተው አይደለም። ያልተገረዘች አታገባም በሚባልበት ቀበሌ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢተው ልጁን ያለ ባል ያስቀራል። ይህን ያልተረዳ ዘመቻ «ኋላ ቀሮች» ብሎ ይሳደብና ልማዱን ወደ ሌሊት ያሸጋግረዋል። ከሐዋሳ ብዙም በማይርቀው ከምባታ፣ እዚያው የተወለደችው ቦጋለች ገብሬ ያቋቋመችው ድርጅት የሄደው በሌላ መንገድ ነው፤ ሽማግሌውን፣ ወጣቱን፣ ሴቱን፣ ወንዱን በየአካባቢው አብሮ አወያየ። ሁሉም በአንድ ላይ ሲተወው ልጅን ሳያስገርዙ መዳር የሚያስፈራ መሆኑ እየቀረ ሄደ።

በመጨረሻ፣ አጥኚም ሆነ ጋዜጠኛ በብዛት የሚሳሳተው «ባህላቸው» ሲል የአንድን ሰው ቃል የሁሉ ማድረጉ ላይ ነው። አርሲና ጉጂ ኦሮሞ ዘንድ የሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ ብቻ የተቀመጠ እንግዳ ሴቶች ድምፅ የላቸውም ብሎ ይመለሳል፤ ያገባች ሴት ሲንቄዋን፣ ማለትም ስታገባ የሚሰጣትን በትር፣ ይዛ ስትወጣ ጠብ እንደሚቆም፣ በደል እንደሚጠየቅ አላየም። ሲንቄን ያየው ደግሞ «እንግዲህ ችግር የለም» ብሎ ይዘጋዋል፤ ምራቶቹን አልጠየቀም። በብዙ አካባቢ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ «ቡዳ» ተብሎ ሲገለል፣ አብሮት የማይበላው ጎረቤቱ «ባህላችን ነው» ይላል። ሸክላ ሠሪዋም የዚያው ባህል ልጅ ናት፤ እሷ ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስ የተለየ ነው።