«ሴቶችና ሕፃናት ይቅደሙ» የሚለው አነጋገር ከየት መጣ?

«ሴቶችና ሕፃናት ይቅደሙ» ከመርከብ ወርዶ የዕለት ንግግር የሆነ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አነጋገር ነው። ፍቺው ግልጽ ነው። መርከብ ስትሰምጥ ነፍስ አድን ጀልባ ላይ ቀድመው የሚሳፈሩት ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ወንድ ቦታ ከተረፈ ይሳፈራል፣ ካልተረፈ ይቀራል። ሲነገር ግን ከዚህ ሰፋ ይላል። ጉልበት ያለው ሰው ጉልበቱን መጀመሪያ ራሱን ለማዳን አያውለውም የሚል የወንድነት ሕግ ማጠቃለያ ተደርጎ ይወሰዳል። ስለዚህም በምዕራቡ ዓለም ስለ ቀድሞው ወንድነት በተከራከሩ ቁጥር ይህ አነጋገር መነሣቱ አይቀርም። አንዱ ወገን «ይህን የመሰለ ክብር ነበረን፣ አጣነው» ሲል፣ ሌላው ሴትን ከሕፃን እኩል የሚቆጥር ያረጀ አስተሳሰብ ነው ይለዋል። ታሪኩን ጠጋ ብሎ ላየው ግን ሁለቱም ወገኖች የሚያስቡት ዓይነት ነገር አይደለም።

ብዙ ሰው ጥንታዊ የባሕር ሕግ ይመስለዋል። አይደለም። የትኛውም ዓለም አቀፍ የባሕር ስምምነት ውስጥ ሴት ትቅደም የሚል አንቀጽ የለም። ልማዱ ስምና ዝና ያገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ በአንዲት መርከብ ምክንያት ነው።

መርከቧ ቢርከንሄድ ትባላለች። አካሏ ከብረት የተሠራ፣ በግራና በቀኝ ጎኗ በተገጠሙ መንኮራኩሮች የምትቀዝፍ፣ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወታደር የምታመላልስ የእንፋሎት መርከብ ነበረች። በ1852 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ አፍሪካ ከኮሳ ሕዝብ ጋር ለሚካሄደው ጦርነት ተጨማሪ ወታደር ጭና ፌብሩዋሪ 25 ከሳይመንስ ታውን ወደብ ተነሣች። ተሳፋሪዋ 640 ገደማ ሲሆን አብዛኛው ገና የተመለመለ ወጣት ወታደር ነበር። ካፒቴኑ ሮበርት ሳልሞንድ ፈጥኖ እንዲደርስ ስለታዘዘ መንገድ ለማሳጠር ከዳርቻው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ይነዳ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ዴንጀር ፖይንት ከሚባለው ስፍራ አጠገብ ውኃ ከሸፈነው ዓለት ጋር ተላተመች። በታችኛው ክፍል በተንጠልጣይ መኝታ ላይ ተኝተው የነበሩ ከ100 በላይ ወታደሮች ወደ ላይ መውጣት እንኳ ሳይችሉ እዚያው ሰመጡ።

ከዚያ በኋላ የከፉት ሁለት ነገሮች ከጀግንነትም ከፍርሃትም ጋር አይገናኙም፤ የአሠራር ጉድለቶች ናቸው። ካፒቴኑ መርከቧን ከዓለቱ ለማላቀቅ ሞተሩ ወደ ኋላ እንዲነዳ አዘዘ። ስትነቃነቅ ዳግመኛ ዓለቱን መታች፣ ሆዷ ይበልጥ ተቀደደ፣ ውኃው የሞተሩን ክፍል ሞላው። ጀልባዎቹም አብዛኞቹ አልወርድ አሉ። መዘውሮቻቸውና ማውረጃ ገመዶቻቸው እንክብካቤ አጥተው ዝገዋል፤ በላያቸው ላይ የተደራረበው ቀለምም አጣብቋቸዋል። ውኃ ላይ የደረሱት ሦስት ትንንሽ ጀልባዎች ብቻ ነበሩ። ሃያ የሚያህሉት ሴቶችና ልጆች በአንደኛዋ ተሳፈሩ።

መርከቧ መሰበር ስትጀምር ሳልሞንድ፣ መዋኘት የሚችል ሁሉ ዘሎ ወደ ጀልባዎቹ እንዲሄድ ጮኾ ተናገረ። የወታደሮቹ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል አሌክሳንደር ሲተንና ሌሎች መኮንኖች ግን ባሉበት እንዲቆሙ ለመኗቸው። ምክንያቱንም አልደበቁም፦ ይህ ሁሉ ሰው ከተንጠላጠለባት ሴቶቹ ያሉባት ጀልባ ትገለበጣለች። ከተረፉት መኮንኖች አንዱ የሆነው ካፒቴን ራይት እንደመሰከረው ትእዛዙን የጣሱት ከሦስት አይበልጡም። ከግጭቱ በኋላ በ20 ደቂቃ ገደማ መርከቧ ተሰባበረች። ከሴቶቹና ከልጆቹ አንድም አልሞተም፤ ከ640ው በጠቅላላ የተረፉት ግን 193 ናቸው። ሌሎቹን ባሕሩ፣ የባሕር አረሙና ሻርኮቹ ጨረሷቸው። ሳልሞንድም ሲተንም አልተረፉም።

ዝናው ወዲያው አገር ለአገር ዞረ። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ዊልሄልም 4ኛ ታሪኩ በየሬጅመንቱ ፊት እንዲነበብ አዘዘ። በእንግሊዝም ሴትን አሳፍሮ ቆሞ መሞት «የቢርከንሄድ ሥርዓት» የሚል ስም ወጣለት። «ሴቶችና ሕፃናት ይቅደሙ» የሚለው አባባል ራሱ ከዚህ ታሪክ ጋር ተቆራኝቶ የቀረው ኋላ ላይ ነው፤ ያን ሌሊት በዚሁ ቃል ታዘዘ ለማለት ማስረጃ የለም።

እነዚያ ወጣቶች ለምን ቆሙ? መልሱ «ወንድ ስለሆኑ» የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አርክቲክ ላይ የነበሩት ወንዶችም በቆሙ ነበር። አርክቲክ ከሊቨርፑል ወደ ኒው ዮርክ የምትጓዝ አሜሪካዊት የመንገደኞች መርከብ ነበረች። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1854 ኒውፋውንድላንድ አካባቢ በጭጋግ ውስጥ ቬስታ ከተባለች የፈረንሳይ መርከብ ጋር ተጋጨች። ካፒቴኑ ጀምስ ሉስ ጀልባዎቹ ለሴቶችና ለልጆች እንዲሆኑ አዝዞ ነበር፤ መርከበኞቹ ግን ነፍሴ አውጪኝ ብለው ጀልባዎቹን ያዙ። ከ400 ገደማ ሰው የተረፉት 85 ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ መርከበኞች ናቸው። ሴትና ሕፃን አንድም አልተረፈም። የካፒቴኑ ትንሽ ልጅም ሞተ። በ1898 ላ ቡርጎኝ የተባለችው የፈረንሳይ መርከብ ስትሰምጥም ከሴቶቹ የተረፈችው አንዲት ብቻ ናት።

በቢርከንሄድና በአርክቲክ መካከል ያለው ልዩነት ሊታወቅ የሚችል ነው። የቢርከንሄዶቹ ተሰልፎ መቆምን የተለማመዱ ወታደሮች ናቸው፤ ለምን እንደሚቆሙ ተነግሯቸዋል፤ ቁሙ ያላቸውም መኮንን አብሯቸው ቆሟል። አርክቲክ ላይ ከሦስቱ አንዱም አልነበረም። ትእዛዝ ነበረ፤ የሚያስፈጽመው አልነበረም።

በ2012 የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሚካኤል ኤሊንደርና ኦስካር ኤሪክሰን ከ1852 እስከ 2011 የደረሱ 18 የመርከብ አደጋዎችን፣ ከ15,000 በላይ ሰዎችን ዕጣ ይዘው መርምረዋል። ሴቶች ከወንዶች የበለጠ የተረፉት ቢርከንሄድና ታይታኒክ ላይ ብቻ መሆኑን አገኙ። በአብዛኛው ከሁሉም በላይ የሚተርፈው መርከበኛው ነው፤ ልጆች መጨረሻ ላይ ናቸው። የካፒቴኑ ትእዛዝ ግን ለውጥ ያመጣል፤ ትእዛዙ በተሰጠበት ቦታ የሴቶቹ ዕድል ይሻላል።

ታይታኒክ በዚህ አነጋገር ታሪክ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘችው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤፕሪል 14 ቀን 1912 ከምሽቱ 5:40 ላይ ከበረዶ ቋጥኝ ጋር ተጋጭታ ከሌሊቱ 8:20 ላይ ሰመጠች። 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ማለት ሰው የሚደነግጥበት ብቻ ሳይሆን የሚያስብበትም፣ መኮንን የሚያዝበትም ጊዜ ነው። 2,200 ገደማ ሰው ነበረባት፤ 20ዎቹ ጀልባዎች የሚይዙት 1,178 ነበር። ይህ ደግሞ ሕግ መጣስ አልነበረም። የእንግሊዝ ደንብ የጀልባን ብዛት የሚለካው በተሳፋሪ ሳይሆን በመርከቡ ክብደት ነበር፤ ከ10,000 ቶን በላይ ለሆነ መርከብ ሁሉ 16 ጀልባ ይበቃል ይላል። ታይታኒክ 46,000 ቶን ነበረች።

ትእዛዙን ሁለት መኮንኖች ለየብቻ ተረጎሙት። በቀኝ በኩል የነበረው ዊልያም መርዶክ፣ አጠገቡ ሴት ሲያጣ ወንዶችን ያሳፍር ነበር። በግራ በኩል የነበረው ቻርልስ ላይቶለር ግን «ሴቶችና ሕፃናት ብቻ» ብሎ ወሰደው፤ ቦታ ቢተርፍም ለቀዛፊነት ካልተፈለገ በቀር ወንድ አያሳፍርም። የ13 ዓመቱ ጃክ ራይርሰን ከእናቱ ጋር ሊሳፈር ሲል ላይቶለር ከለከለው። አባቱ አርተር ራይርሰን ልጁ ገና 13 ዓመቱ ነው፣ ከእናቱ ጋር ይሂድ ብሎ ተከራከረ። መኮንኑ አሳለፈው፤ ከዚህ በኋላ ግን ወንድ ልጅ አላሳልፍም አለ። አባትየው እዚያው ቀረ። አንድ ልጅ በስንት ዓመቱ ወንድ ይሆናል የሚለው ጥያቄ በአንድ መኮንን ቃል የሚወሰንበት፣ ውሳኔውም ሞትና ሕይወት የሆነበት ቅጽበት ነበር።

በሁለቱም ጎን የባከነው ቦታ ያንገበግባል። መጀመሪያ የወረደችው 7 ቁጥር ጀልባ 65 ሰው ትይዛለች፤ የሄደችው በ28 ነው። 40 የምትይዘው 1 ቁጥር 12 ሰው ብቻ ይዛ ሄደች፤ ከእነሱም ሰባቱ መርከበኞች ነበሩ። ሴቶች ከትልቅ መርከብ ወርዶ በጨለማ ትንሽ ጀልባ ላይ መንሳፈፍን ፈሩ፤ መኮንኖቹ ጀልባዎቹ ሞልተው ሲወርዱ እንዳይሰበሩ ሰጉ፤ ከባሎቻቸው መለየት ያልፈለጉም ነበሩ። ባዶውን ቦታ ወንድ አልሞላውም።

በመጨረሻ ከሴቶቹ ከመቶ 74 ያህሉ፣ ከወንዶቹ 20 ያህሉ ተረፉ። ግን አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ከአንደኛ ማዕረግ ወንዶች የተረፉት ከመቶ 33 ሲሆኑ ከሦስተኛ ማዕረግ ልጆች የተረፉት ከመቶ 34 ናቸው። የሀብታሙ ጎልማሳ ዕድልና የድሃው ሕፃን ዕድል ተስተካከለ። ከሁሉ የባሰባቸው የሁለተኛ ማዕረግ ወንዶች ናቸው፤ ከመቶ ስምንት ብቻ። አነጋገሩ በሠራበት በዚያች መርከብ ላይ እንኳ ጀልባው ከሚገኝበት ደርብ አጠገብ ማን ነበረ የሚለው ከባድ ሚዛን ነበረው።

ሥርዓቱን ያጸናው ሌላው ነገር ሐፍረት ነው። የመርከቡ ኩባንያ ኃላፊ ብሩስ ኢስሜይ ከመጨረሻዎቹ ጀልባዎች በአንዱ ተሳፍሮ ተረፈ፤ ጋዜጦች ዕድሜ ልኩን የማይለቅ የፈሪ ስም ሰጡት። ለሞቱት ወንዶች ደግሞ የአሜሪካ ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው ሐውልት አቆሙላቸው። በ1931 የተመረቀው ይህ ሐውልት ዛሬ ዋሽንግተን ዲሲ ደቡብ ምዕራብ፣ ወንዙ ዳር ነው፤ እዚያው ከተማ የሚኖር አንባቢ በእግሩ ሄዶ ሊያየው ይችላል። እጆቹን በግራና በቀኝ የዘረጋ የወንድ ምስል ነው፤ ጽሑፉም ሴቶችና ልጆች እንዲተርፉ ሕይወታቸውን ሰጡ ይላል። በዚያው በ1912 የሴቶችን የመምረጥ መብት የሚቃወሙ ሰዎች አደጋውን መከራከሪያ አደረጉት፦ ሴት የምትፈልገው ድምፅ ነው ወይስ ጀልባ? ይህ ጥያቄ የአነጋገሩን ድብቅ ዋጋ ያሳያል። ጥበቃው በነጻ አልነበረም፤ በምላሹ ውሳኔው ሁሉ የወንድ እንዲሆን ይጠበቅ ነበር። ጀልባው 16 ይበቃል ያለውን ደንብ ያወጡትም ወንዶች ናቸው።

ታይታኒክ ያስከተለችው ትልቁ ለውጥ በ1914 የወጣው የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት ነው፤ መፍትሔውም ማን ይቅደም የሚል ሳይሆን ለሁሉም ቦታ ይኑር የሚል ሆነ። በዛሬው የስምምነቱ ደንብ የመንገደኞች መርከብ፣ ሰው ሁሉ የነፍስ አድን ጃኬቱን ለብሶ ከተሰበሰበና የመልቀቅ ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ ጀልባዎቹን ሁሉ በ30 ደቂቃ ውስጥ ማውረድ መቻል አለበት። የልጆች ጃኬት ብዛት ቢያንስ ከተሳፋሪው ቁጥር ከመቶ 10 መሆን አለበት። ተሳፋሪው የሚሰበሰበው በተመደበለት ቦታ ነው፤ ባልና ሚስት አይለያዩም። ጣሊያናዊቷ ኮስታ ኮንኮርዲያ ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ስትገለበጥ ይህ ሁሉ የፈረሰው የመልቀቅ ትእዛዙ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለዘገየ ነው። በዚያው ቀን የተሳፈሩ መንገደኞችም የመሰብሰቢያ ልምምድ ገና አላደረጉም ነበር። 32 ሰው ሞተ። ካፒቴን ፍራንቼስኮ ስኬቲኖ ሰው ሳይወጣ በመሄዱና በሌሎች ጥፋቶች 16 ዓመት ተፈረደበት። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ ከመነሻ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሡ እንዲደረግ ተደንግጓል።

በጦርነት ጊዜ ስላለው ቅድሚያ ደግሞ የ1949ኙ አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት ከአነጋገሩ የተሻለ ዝርዝር ይዟል። ለጥበቃ ቀጠና የሚዘረዝራቸው ቁስለኞች፣ ሕመምተኞች፣ አረጋውያን፣ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና ከ7 ዓመት በታች ልጅ ያላቸው እናቶች ናቸው። ሴት በመሆኗ ብቻ የምትጠራ የለችም፤ አዛውንት ወንድም አልተረሳም። ይህ ዝርዝር የድሮውን ልብ ሳይጥል ስህተቱን ያረመ ነው ብለን እናምናለን።

ያም ሆኖ አሮጌው ሥርዓት አልሞተም። ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬንን በሙሉ ኃይል ስትወር፣ ከ18 እስከ 60 ዓመት ያሉ ወንዶች አገር እንዳይለቁ ተከለከሉ። ሚስትና ልጆች ወደ ፖላንድ ተሻገሩ፤ ባል ድንበር አድርሶ ተመለሰ። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆች ያሉት አባት ግን ማለፍ ይችል ነበር። አሜሪካም ለወታደርነት ምዝገባ ግዴታ የምትጥለው ከ18 እስከ 25 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ብቻ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 ሕጉን አጽድቆታል። ይህ በዲቪ የገቡ የእኛን ልጆችም ይመለከታል። 26 ዓመት ከሞላ በኋላ መመዝገብ አይቻልም፤ ዜግነት ሲያመለክቱም ለምን አልተመዘገብክም የሚል ጥያቄ ይመጣል። ኖርዌይ በበኩሏ ከ2015 ጀምሮ ሴቶችንም ለግዳጅ አገልግሎት ትጠራለች።

በዛሬው ንግግር አነጋገሩ ሁለት አገባብ አለው። አንደኛው ቀጥተኛ ነው፤ ከበባ ውስጥ ካለ ከተማ ሰው ሲወጣ፣ ምግብ ወይም መድኃኒት ሲከፋፈል ቅድሚያን ያመለክታል። ሁለተኛው ወቀሳ ነው፤ ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ አለቆቹ ጥቅማቸውን አስከብረው ቀድመው ሲወጡ ይጠቀሳል። እዚህኛው ላይ «ሴቶችና ሕፃናት» የሚባሉት ሴትም ልጅም አይደሉም፤ ጀልባው አጠገብ ያልነበሩት ሁሉ ናቸው።