ስለ ሰር ጆን ሞሪስ ጆንስ እና ስለ ዌልሽ ቋንቋ በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ሞሪስ ጆንስ (በፈረንጆቹ 1864–1929) ብሪታንያ ውስጥ ባለችው አገር በዌልስ፣ አንግልሲ ደሴት ላይ የተወለደ፣ የዌልስን ቋንቋ የዌልሽን ሰዋስው መልክ ያስያዘ ሰው ነው። ስለሱም ስለ ቋንቋውም የሚወራው ብዙው ልክ አይደለም፣ እኔ ደሞ ሰውየውን በጣም ስለምወደው ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ዌልሽ የእንግሊዝኛ ዘዬ ነው»

በፍጹም! አይሪሽ ካለበት ከሴልቲክ ቤተሰብ የሆነ ቋንቋ ነው፣ እንግሊዝኛ ብሪታንያን ሳይረግጥ በፊት እዛ ይነገር ከነበረው የወጣ። አንድ ነገር ላሳያችሁ፣ ራስ «ፔን» ነው፣ የሱ ራስ «ኢ ቤን»፣ የሷ ራስ ደሞ «ኢ ፌን»፣ «ኢ» ለሁለቱም ያው ናት፣ ወንድና ሴቱን የምትለየው የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ ናት። እኛ ራሱ፣ ራሷ ብለን መጨረሻው ላይ የምንቀይረውን እነሱ መጀመሪያው ላይ ይቀይሩታል ማለት ነው፣ ዲክሽነሪ ላይ ግን የምትፈልጉት «ፔን» ብላችሁ ነው።

«ቋንቋ ተምሮ የተመረቀ ነው»

ኦክስፎርድ የተመረቀው በማትስ ነው፣ በ1887። እዛ እያለ ግን ላይብረሪ ገብቶ የድሮ የዌልሽ ጽሑፎችን ያነብ ነበር፣ የፕሮፌሰሩን የጆን ሪስን የሴልቲክ ሌክቸርም ይከታተል ነበር። በ1889 ዌልስ ባለው ባንጎር ኮሌጅ ዌልሽ ማስተማር ጀመረ፣ ትልቁ የሰዋስው መጽሐፉ የወጣው በ1913 ነው። 24 ዓመት!

«የአገሩን ባህል ጠላት ነበር»

ይሄኛው ያናድደኛል። ጎርሴድ የሚባል የገጣሚዎች ሥነ ሥርዓት አለ፣ ድሩይድ ከሚባሉት የጥንት ሴልቶች ካህናት ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እሱ በ1896 ማስረጃውን አገላብጦ ጥንታዊ አይደለም ብሎ ጻፈ፣ የፈጠረው ኢዮሎ ሞርጋኑግ የሚባል የዌልስ ገጣሚ ነው፣ የመጀመሪያውም የተካሄደው በ1792 ለንደን ነው። ጠልቶ ቢሆን ኖሮ አይስቴድቮድ በሚሉት የግጥም ውድድራቸው ላይ ስንት ጊዜ ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም ነበር፣ የዌልሽን የግጥም ሕግም በ1925 በመጽሐፍ አያወጣም ነበር። የሚወደው ነገር በውሸት እንዲቆም አልፈለገም፣ በቃ።

«ዌልሽ ከአፍሪካ የመጣ ነው ብሏል»

እንደዛ አላለም። በ1900 ባወጣው ጽሑፍ የዌልሽን የዓረፍተ ነገር አሠራር ከጥንት ግብፅኛና ከሰሜን አፍሪካው በርበር ጋር አነጻጽሮ፣ ከሴልቶች በፊት እዛ የነበሩት ሰዎች ቋንቋ ተጽዕኖውን ትቶ ይሆናል ነው ያለው። ግብፅኛና በርበር ከግዕዝና ከአማርኛ ጋር የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ናቸው፣ ዌልሽም ልክ ግዕዝ «ወይቤ እግዚአብሔር» እንደሚለው ግሱን ያስቀድማል፣ ስለዚህ ለኛ ሰው ሐሳቡ ደስ ማለቱ ይገባኛል፣ ግን እስካሁን አልተረጋገጠም።