ሐዘኑም ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው

እናቴ ካረፈች በኋላ ከቀኑ ሁሉ የከበደኝ ጠዋቱ ነበር። ሌሊትማ ደክሞኝ እተኛለሁ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ግን ለሁለት ሦስት ሰከንድ ምንም እንዳልደረሰበት ሰው እሆናለሁ፣ ልደውልላት ሁሉ አስባለሁ። ከዚያ ትዝ ይለኛል። እንደገና መርዶ። ሰው የቀበራችሁ ሁሉ ይህቺን ሁለት ሰከንድ ታውቋታላችሁ።

በዚያው ሰሞን ነው ሰቆቃወ ኤርምያስ 3፥23ን ያነበብኩት። «ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው» ይላል፣ ስለ እግዚአብሔር ርኅራኄ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። እኔ ቤት ማለዳ ማለዳ አዲስ የሚሆነው ሐዘኑ ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁት።

ቆይቼ ነው ተመልሼ ከላይ ጀምሬ ያነበብኩት። ብዙዎቻችን ይህን ቃል የምናውቀው ለብቻው ተቆርጦ፣ ከፀሐይ መውጫ ፎቶ ጋር ነው። የተነገረው ግን በፍርስራሽ መሃል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን አፍርሰዋል፣ ቤተ መቅደሱ ተቃጥሏል፣ ሕፃናት በእናቶቻቸው እቅፍ ውስጥ በረሃብ ነፍሳቸው እየወጣች ነው (2፥12)። ጸሐፊው ራሱ ስለ ማለዳ ከመናገሩ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ «በጎ ነገርን ረሳሁ» ይላል። ደስታ ምን እንደሚመስል ጠፍቶበታል። ስለ ማለዳው ምሕረት የሚነግረን ይሄ ሰው ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ እኔን በጣም ነው ያጽናናኝ። መጽሐፉ አምስት ምዕራፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ በዕብራይስጥ 22 ፊደላት ተራ የተደረደሩ ግጥሞች ናቸው፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ለአንድ ፊደል ሦስት ሦስት ቁጥር ስለሚሰጥ 66 ቁጥር ሆነ። ሰውየው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ለቅሶውን ሳይቸኩል፣ አንድም ሳያስቀር አለቀሰው ማለት ነው። የመጽናናቱ ቃል ደግሞ መጨረሻ ላይ አልመጣም። መሃል ላይ ነው። ከእሱ በኋላ ምዕራፍ 4 እንደገና ልቅሶ ነው፣ ምዕራፍ 5ም ልቅሶ ነው፣ እዚያማ የፊደሉን ተራ እንኳ ትቶታል። የመጨረሻው ቁጥር እግዚአብሔር ፈጽሞ ጥሎን ይሆን በሚል ሐሳብ ነው የሚያበቃው። እኔ ሐዘኔ ሲያልቅ አመሰግናለሁ ብዬ ነበር ስጠብቅ የኖርኩት፤ እሱ ግን የመጽናናቱን ቃል የተናገረው ገና እያለቀሰ ነው።

«አማኝ ሆነሽ ታለቅሻለሽ?» ያሉኝ ነበሩ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ጎድቶኛል። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ፣ መቃብሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ እንባውን አፈሰሰ። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው ሆናችሁ አትዘኑ አለ እንጂ ከነጭራሹ አትዘኑ አላለም። ልታጽናኑ ስትሄዱ እባካችሁ የኢዮብን ወዳጆች የመጀመሪያ ሳምንት አስቡ። 7 ቀንና 7 ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ።

ወደ ማለዳው ልመለስ። ለምንድን ነው ማለዳ ማለዳ የሆነው? እኔ የምጸልየው አንዴ ጠቅልሎ እንዲያጽናናኝ ነበር። አንድ ቀን በጸሎት ላይ ልቤ ቅልል ይለኛል፣ በቃ አለፈ እላለሁ፣ በማግስቱ እንደገና እሰበራለሁ። ያኔ የትናንቱ መጽናናት ውሸት ነበር እንዴ፣ እምነቴስ የት ሄደ እያልኩ ራሴን እወቅሳለሁ። መልሱን ያገኘሁት ዘጸአት 16 ላይ፣ መናው ጋ ነው፣ እግዚአብሔር ለእስራኤል በምድረ በዳ የሰጣቸው እንጀራ። መና የሚለቀመው በየጠዋቱ ነው፣ ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር፣ የዚያን ጊዜ መስፈሪያ ነው። ከሰንበት ዋዜማ በቀር ለነገ ብለው ያሳደሩት ተላ፣ ሸተተ። ይህ ማለት ግን የትናንቱ መና ውሸት ነበር ማለት አይደለም። እንጀራቸው ነበር፣ ጠግበውበታል፣ የትናንት ድርሻ ስለሆነ ነው ለዛሬ ያልሆነው። ዛሬ ጠዋት ከተሰበራችሁ ትናንት በእርግጥ አልተጽናናችሁም ማለት አይደለም። የዛሬውን ገና አልለቀማችሁም።

የእናቴን መነጽር ለወራት ከመሳቢያ ማውጣት አቅቶኝ ነበር። አንድ ቀን አወጣሁት። አንዱ ጆሮ ላይ የሚውለው ዘንግ ተሰብሮ በሰማያዊ ክር አስራዋለች፣ ሦስት ጊዜ የተቋጠረ። መስታወቱ ላይ የጣቷ አሻራ እንዳለ ነው። አለቀስኩ። ግን እያለቀስኩ ከአፌ የወጣው «ጌታ ሆይ፣ ስለ እነዚህ እጆች አመሰግንሃለሁ» የሚል ነበር። አስቤ አልተናገርኩትም። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ ተመስገን እላለሁ፣ ከአፌ እንጂ ከልቤ አልነበረም። ስለ መሞቷ አላመሰገንኩም፣ ዛሬም ስለ እሱ አላመሰግንም። ያመሰገንኩት ስለ ተሰጠችኝ ነው። ያለቀስኩትም ለዚያው ነበር። ሁለቱ ከአንድ ቦታ እንደሚወጡ ያኔ ነው የገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ የማመሰግንበት አንድ ነገር እፈልጋለሁ። አንድ ብቻ። ትልቅ ነገር አትፈልጉ፣ ሐዘንተኛ ልብ ትልቅ ነገር ማንሣት አይችልም። የሚጠፋበት ቀንም አለ። ያን ቀን በግድ ተመስገን አትበሉ፤ መዝሙር 88ን (በአንዳንዱ አቆጣጠር 87) ክፈቱና አንብቡ። ያ መዝሙር በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፣ አንድ የምስጋና መስመር የለውም። ሆኖም ጸሎት ሆኖ ከመዝሙራቱ ጋር ተቀምጧል፣ ወደ እግዚአብሔር ስለጮኸ።

ዛሬ ጠዋትም ነቃሁ። ሁለቱ ሰከንድ መጡ፣ አለፉ። ትንሽ ጣሪያውን እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ፣ ክር ቋጥራ ስትጨርስ ትርፉን በጥርሷ ነበር የምትቆርጠው፣ መቀስ አጠገቧ እያለ። ለዛሬ የለቀምኩት ይሄን ነው።