ማክሮ ምንድን ነው? ለሪል ታይም ስትራቴጂ ጌም ጀማሪዎች

ሪል ታይም ስትራቴጂ ጌም የጀመረ ሰው ሲሸነፍ ጥፋቱን የሚፈልገው ጦርነቱ ላይ ነው። እጄ ዘገየ፣ ወታደሮቼን በትክክል አላሰለፍኳቸውም፣ የማይሆን ጦር ሠራሁ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጨዋታው ያለቀው ሁለቱ ጦሮች ከመገናኘታቸው በፊት፣ ገና ማንም ማንንም ሳይነካ ነው። አንዱ 40 ወታደር አስከትሎ ሲመጣ ሌላው 15 ይዞ ይጠብቀዋል። እዚህ ላይ የጣት ፍጥነት ብዙም አይፈይድም። ልዩነቱን የፈጠረው ተጫዋቾች ማክሮ የሚሉት ነገር ነው፤ ጀማሪም ከሁሉ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ይህንኑ ነው ባይ ነኝ።

ማክሮ ማለት በአጭሩ ኢኮኖሚውን መምራት ነው፦ ሀብት መሰብሰብ፣ የተሰበሰበውን ቶሎ ቶሎ ሥራ ላይ ማዋል፣ ሀብት የሚያመጡትንም ጦር የሚያወጡትንም ነገሮች ያለማቋረጥ ማብዛት። ሠራተኛ ማምረት፣ ቤት መሥራት፣ ተጨማሪ የጦር ማሠልጠኛ ማቆም፣ አፕግሬድ መግዛት፣ ሁለተኛ ቤዝ (ሠራተኞችና ግንባታዎች ያሉበት ሰፈር) መክፈት ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሌላኛው ጎን ማይክሮ ይባላል። እሱ ደግሞ ወታደሮችን ውጊያ ላይ አንድ በአንድ የማንቀሳቀስ ችሎታ ነው፦ የቆሰለውን ወደኋላ መሳብ፣ ቀስተኛውን እያስተኮሱ ማሸሽ፣ ፈንጂ ሲመጣ ጦሩን መበተን። ቪዲዮ ላይ ሲያዩት የሚያምረው ማይክሮው ስለሆነ የጀማሪ ልብ ወደዚያ ያደላል።

ማክሮ ይህን ያህል የሚከብደው ከዘርፉ ባሕርይ የተነሳ ነው። እነዚህ ጌሞች ተራ የላቸውም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ካርታ ላይ፣ አንዱ የሌላውን ቤዝ ሳያይ ይሠራሉ። ዌስትዉድ ስቱዲዮስ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ዱን 2 ሀብት ሰብስቦ፣ ግንባታ አቁሞ፣ ጦር አውጥቶ መዋጋት የሚለው ቅርጽ መልክ ያዘ። ዋርክራፍት በ1994፣ ኮማንድ ኤንድ ኮንከር በ1995፣ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ በ1997፣ ስታርክራፍት በ1998 በዚያው መንገድ ተከተሉ። በሁሉም ሰዓቱ ለማንም አይቆምም። ሳይሠሩበት ያለፈ ግማሽ ደቂቃ በኋላ የቱንም ያህል ቢፈጥኑ አይመለስም።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት የኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2ን የመጀመሪያ ደቂቃ እንውሰድ። በተለመደው አጀማመር የሚሰጣችሁ አንድ ታውን ሴንተር (ሠራተኛ የሚወጣበት ዋና ሕንፃ)፣ 3 ሠራተኞች፣ አንድ ፈረሰኛ ቃኚ፣ 200 ምግብ፣ 200 እንጨት፣ 100 ወርቅና 200 ድንጋይ ነው። አዲስ ሠራተኛ 50 ምግብ ያስከፍላል፤ እስኪወጣ በጌሙ ሰዓት 25 ሰከንድ ይፈጃል። ታውን ሴንተሩ ለብቻው የሚያስተናግደው 5 ሰው ሲሆን እናንተ ቃኚውን ጨምሮ ከመነሻው 4 ናችሁ። እንግዲህ አንድ ሠራተኛ እንደወጣ ቦታው ሞላ ማለት ነው። ቤት ከሌለ ምግቡ ተርፎም ቢሆን ምርቱ ቀጥ ይላል። ቤት 25 እንጨት ይፈልጋል፣ ለ5 ሰው ቦታ ይሰጣል፣ አንድ ሠራተኛ ብቻውን ሲሠራው እሱም 25 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ጌሙ እንደተከፈተ ወዲያው ሠራተኛ አዝዞ ወዲያው ቤት ያስጀመረ ተጫዋች የመጀመሪያው ሠራተኛ ሲወጣ ቤቱም አብሮ ያልቅለታል፤ ምርቱ እምብዛም አይቋረጥበትም። ካርታውን እያየ፣ ለምግብ የሚሆኑትን በጎች እየፈለገ 30 ሰከንድ ያሳለፈው ግን ገና ከጅምሩ አንድ ሠራተኛ ጎድሎበታል።

አንድ ሠራተኛ ምን ያህል ነገር ነው? በግ ላይ የተሰማራ ሠራተኛ በደቂቃ ወደ 20 ምግብ ያመጣል። የተከፈለበትን 50 ምግብ በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። ታውን ሴንተሩ ሳይቆም ከሠራ በ7 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ውስጥ 17 አዲስ ሠራተኞች ያወጣል፤ ከመጀመሪያዎቹ 3 ጋር 20 ይሆናሉ። እዚህ 20 ሰከንድ፣ እዚያ 40 ሰከንድ እያለ በድምሩ ሁለት ደቂቃ ሥራ ፈትቶ የቆመበት ተጫዋች ግን በዚያው ሰዓት ያለው 15 ሠራተኛ ነው። ልዩነቱ 5 ነው፤ 5 ሠራተኛ ደግሞ በየደቂቃው 100 ምግብ ነው። ፊውዳል ወደሚባለው ቀጣይ ዘመን ለመሻገር 500 ምግብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሰው ተሻግሮ ቀስተኛ ማምረት ሲጀምር ሁለተኛው ገና ምግብ እያጠራቀመ ነው። ቀስተኞቹ ሲመጡበት ጥቂት ወታደር ብቻ የነበረው ከመዋጋቱ በፊት በጠፉት በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ምክንያት ነው። ሽንፈቱ ውጊያው ላይ ቢታይም የተዘራው በጎቹ ጋ ነው።

ወደ ፊውዳል ሲሻገሩ ታውን ሴንተሩ ለ130 ሰከንድ ሠራተኛ ማውጣት እንደማይችል ልብ በሉ። ይህ ግን ሥራ መፍታት አይደለም፤ በገንዘብ የተገዛ ጊዜ ነው። ጎጂው ሳያስቡት፣ ምንም ሳያተርፉበት የሚያልፈው ጊዜ ነው።

እስካሁን ያየነው የማክሮን አንድ ግማሽ ነው፤ ገቢውን። ሌላው ግማሽ ወጪው ሲሆን ጀማሪ ይበልጥ የሚጎዳው በዚህ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቁጥር ሲያድግ ደስ ይለዋል። 1,500 ሚኒራል (የስታርክራፍት ዋና ሀብት) ማጠራቀም ሀብታምነት ይመስለዋል። በእነዚህ ጌሞች ግን ቁጭ ያለ ሀብት አይወጋም፣ አይከላከልም፣ አይወልድም። በስታርክራፍት 2 ማሪን የሚባለው ተራ ወታደር 50 ሚኒራል ያወጣልና 1,500 ሚኒራል ማለት ቤዙን ሊከላከሉ ሲችሉ ያልተወለዱ 30 ማሪኖች ናቸው። በ1997 የወጣው ቶታል አናይሌሽን ደግሞ ይህን ሕግ ግልጽ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ብረትና ኃይል እንደ ጅረት ይገባሉ፣ መጋዘኑ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ዝም ብሎ ይባክናል።

ገንዘቡ የሚጠራቀመው ተጫዋቹ ቆጣቢ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሚያወጣበት በር ማነሱ ነው። አሁንም ስታርክራፍት 2ን እንይ። አንድ ባራክስ፣ ማለትም የማሪን ማሠልጠኛ፣ በ18 ሰከንድ አንድ ማሪን ያወጣል፤ በደቂቃ ሲሰላ 167 ሚኒራል ያህል ቢበላ ነው። 16 ሠራተኞች የተሰማሩበት ቤዝ ግን በደቂቃ ከ800 ሚኒራል በላይ ያስገባል። አንድ ባራክስ ብቻ ያቆመ ሰው ጣቱ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ አንድም ማሪን ሳያመልጠው ቢያዝዝ እንኳ ገንዘቡን አውጥቶ አይጨርሰውም። መፍትሔው ማሠልጠኛ መጨመር ወይም ሁለተኛ ቤዝ መክፈት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ሲል ስታዩ ራሳችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ "ምን ልግዛ?" ሳይሆን "ማምረቻዬ ከገቢዬ ጋር ይመጣጠናል ወይ?" የሚለው ይሁን።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሸሸግባት አንዲት ዘዴ አለች፤ አምስት አምስት ወታደር ወረፋ ማስያዝ። ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ገንዘቡም ሥራ ላይ የዋለ ይመስላል። ነገር ግን ወረፋ ላይ የቆመው ወታደር ዋጋ አስቀድሞ ተቆርጧል፤ አራቱ ተራቸውን እየጠበቁ ሳለ በዚያው ገንዘብ ሌላ ባራክስ ሊቆም ይችል ነበር። አንድ በሥራ ላይ፣ አንድ ደግሞ በወረፋ ካለ ይበቃል። ገና እጁ ላልፈጠነ ሰው ግን ረዘም ያለ ወረፋ ከቆመ ማምረቻ እንደሚሻል አልክድም፤ በተለይ ሠራተኛ ላይ።

የመኖሪያ ቦታም እንዲሁ ነው። ስታርክራፍት 2 በ2015 ከወጣው ሌጋሲ ኦፍ ዘ ቮይድ ከተባለው ተጨማሪ ክፍሉ ወዲህ የሚጀምረው በ12 ሠራተኛ ነው፤ ቴራን የሚባለው ወገን ዋና ሕንፃ፣ ኮማንድ ሴንተር፣ የሚይዘው ደግሞ 15 ነው። ሠራተኛ በየ12 ሰከንዱ ስለሚወጣ ቦታው 36 ሰከንድ ሳይሞላ ያልቃል፤ እንደ ቤት ቦታ የሚጨምረውን ሳፕላይ ዲፖ ለማቆም ደግሞ 21 ሰከንድ ያስፈልጋል። "ቦታ የለም" የሚለውን ድምፅ ሰምቶ ዲፖ ያስጀመረ ሰው 21 ሰከንድ ሙሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ቤት መሠራት ያለበት ቦታ ከማለቁ በፊት ነው። ጨዋታው እየሰፋ ሲሄድ፣ ማምረቻዎቹ ሲበዙ፣ አንድ በአንድ መሥራቱ ስለማያዋጣ ሁለት ሦስቱን ባንዴ ማስጀመር ይለመዳል።

ታዲያ ሠራተኛ ስንት ይበቃል? በስታርክራፍት 2 አንድ ቤዝ ብዙውን ጊዜ 8 የሚኒራል ክምር አለው፤ በአንድ ክምር ሁለት ሁለት ሠራተኛ ሲመደብ 16 ይሆናል። ሦስተኛው ሠራተኛ ተራ ስለሚጠብቅ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ሁለተኛው ሀብት፣ ጋዝ፣ የሚወጣባቸው ሁለት ቦታዎች ሦስት ሦስት ስለሚይዙ ሙሉ ቤዝ 22 ሠራተኛ ይወስዳል። የሚገርመኝ ነገር፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው ዲፕማይንድ ፕሮግራም አልፋስታር በጥር 2019 ከባለሙያ ተጫዋቾች ጋር ሲገጥም ከዚህ ልክ አሳልፎ ሠራተኛ ያመርት ነበር። አበዛው ያሉ ነበሩ፤ ነገር ግን ጥቂት ትርፍ ሠራተኛ መያዝ ጥቅም አለው፦ ባላጋራ መጥቶ ጥቂቶቹን ቢገድል ገቢው ቶሎ አይወድቅም፣ አዲስ ቤዝ ሲከፈትም ወዲያው የሚዛወር ሰው ይገኛል።

ይህ ሁሉ ሲባል ማክሮ ስስት አይደለም። ሠራተኛ ብቻ እያመረተ ወታደር የሌለው ሰው በአምስተኛው ደቂቃ በመጡ ጥቂት ጦረኞች ያልቃል። ቀድሞ ለመምታት ኢኮኖሚን መሥዋዕት ማድረግ ራሽ ይባላል፤ ሕጋዊ፣ ጠንካራ ስልት ነው። የማክሮ ዓላማ ከገቢው ላይ ለሕልውና የሚበቃውን ጦር እያወጡ የቀረውን ለእድገት ማዋል ነው። የሚበቃው ስንት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ባላጋራው ምን እየሠራ እንደሆነ ሄዶ ማየት ግድ ይላል። ቃኚው ፈረሰኛ ከመጀመሪያው ሰከንድ የሚሰጣችሁ ለዚህ ነው፤ ቤዝ ውስጥ አታቁሙት።

ሁሉም ጌም እኩል ማክሮ እንደማይጠይቅም ማወቅ ይጠቅማል። ዋርክራፍት 3 ጦሩ ሲበዛ የወርቅ ገቢን ይቀንሳል፤ ትኩረቱን ወደ ጀግኖቹና ወደ ማይክሮ አዙሯል። በ2006 የወጣው ካምፓኒ ኦፍ ሂሮስ ሀብት የሚሰጠው የካርታውን ክፍሎች ለተቆጣጠረ ነው፤ እዚያ መዋጋቱ ራሱ ኢኮኖሚ ነው። ማክሮን መማር ለሚፈልግ ሰው እኔ የምመርጠው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2ን ነው፤ አካሄዱ ረጋ ያለ ስለሆነ የተሳተውን ለማየት ፋታ ይሰጣል። ገንዘብ ማውጣት ለማይፈልግ ዋይልድፋየር ጌምስ የሚሠራው ዜሮ ኤዲ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ስታርክራፍት 2ም ከኅዳር 2017 ጀምሮ በነፃ ይጫወታሉ፤ ፍጥነቱ ግን ጀማሪን ያንገላታል።

ልምምዱን በተመለከተ፣ የታወቁ ተጫዋቾችን ዝርዝር የአሠራር ቅደም ተከተል በቃል ከመያዝ በፊት አንድ ልማድ ቢገነባ ይሻላል። የታውን ሴንተርን አቋራጭ ቁልፍና የሠራተኛን ቁልፍ ሳታዩ እስክትነኩ ድረስ ልመዱ፤ የትም ብትሆኑ፣ ካርታው ሌላ ጫፍ ላይ እየተዋጋችሁም ቢሆን፣ በየጥቂት ሰከንዱ እጃችሁ ወደዚያ ይመለስ። ፈተናው የሚመጣው ጦርነት ሲነሳ ነው። ጀማሪ ዓይኑን ከውጊያው ላይ መንቀል ያቅተዋል፤ ግማሽ ደቂቃ ሙሉ እያየ ይቆያል፣ ቤዙ ግን ቆሟል። ጦሩን ወደ ውጊያ ልካችሁ ወዲያው ወደ ቤዝ ተመለሱና አዝዙ፣ ከዚያ ውጊያውን እዩ። ሁለት ወታደር በዚህ ምክንያት ቢሞትባችሁ ከኋላ ስድስት እየመጡ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ከኮምፒውተሩ ጋር ግጠሙ፤ ማሸነፍና መሸነፉን ተዉትና በ10ኛው ደቂቃ ላይ ስንት ሠራተኛ እንዳላችሁና ስንት ሀብት ሳይወጣ እንደተቀመጠ ብቻ መዝግቡ። ከዚያም የጨዋታውን ቅጂ (ሪፕሌይ) ከፍታችሁ ታውን ሴንተሩ ላይ ዓይናችሁን ተክላችሁ ተመልከቱ፤ መቼ እንደቆመና በዚያች ቅጽበት እናንተ ምን እያደረጋችሁ እንደነበር ይታያል። የኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 አዲሱ እትም አርት ኦፍ ዋር የሚባል የልምምድ ክፍልም አለው። የመጀመሪያውን ኢኮኖሚ የሚያስተምረው ትምህርት ውጤታችሁን በነሐስ፣ በብርና በወርቅ ሜዳልያ ይመዝናል፤ ብር እስኪመጣ ድረስ እሱኑ መደጋገም ሌላ ሰው ጋር ለመግጠም የሚያበቃ ዝግጅት ነው።