ሽዋኖማ ምንድን ነው? ከአንገት ሥር የሚበቅለው የነርቭ ዕጢ

ልብስ እየለበሳችሁ ነው። ከአንገታችሁ ሥር፣ ከደረት ወደ ትከሻ ከሚሄደው አጥንት በላይ አንድ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ አይደል? እጃችሁ እዚያ ያርፍና አንድ ድብልብል ነገር ይነካል። አያምም። መቼ እንደመጣም አታውቁም፤ ትናንት ይሁን ከዓመት በፊት። በቃ አለ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል» ነው። ሌላው ደግሞ ካንሰር ነው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን ያድራል። እብጠቱ ከነርቭ የበቀለ ሊሆን እንደሚችል ግን ብዙም ማንም አያስብም። ሽዋኖማ የሚባለው ይህ ነው። ብርቅ ነው፣ ካንሰር አይደለም፣ ግን ምንነቱ ሳይታወቅ ከተቆረጠ የእጅን ጉልበት ይዞ ሊሄድ ይችላል። ይህን ሁሉ የምጽፈው በዚህች በመጨረሻዋ ነጥብ ምክንያት ነው።

ስሙ የመጣው ከቴዎዶር ሽዋን ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ጀርመናዊ ሳይንቲስት ነው። ከአንጎልና ከአከርካሪ ውጭ ያሉት ነርቮቻችን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን አላቸው፣ ሽፋኑን የሚሠሩት ሴሎችም በእሱ ስም የሽዋን ሴሎች ይባላሉ። ከእነዚህ ሴሎች አንዱ ያለቅጥ መባዛት ሲጀምር ሞላላ ዕጢ ይፈጠራል። የሚያድገው በጣም በዝግታ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ። ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጉበት አይሰራጭም። ወደ ካንሰር መለወጡ እጅግ እጅግ ብርቅ ነው።

ታዲያ ለምን አንገት ሥር? ነርቭ የታጨቀበት ሰፈር ስለሆነ ነው። ከአንገት አከርካሪ የሚወጡ አራት የነርቭ ሥሮችና ከደረት አከርካሪ የሚወጣ አንድ፣ በድምሩ አምስት፣ በሁለት የአንገት ጡንቻዎች መሃል ሾልከው እዚያች ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይጠላለፋሉ። ይህ ጥልፍልፍ ብራኪያል ፕሌክሰስ ይባላል። ትከሻ የምታነሱት፣ ክንድ የምታጥፉት፣ ቁልፍ የምታዞሩት በእሱ ነው። ድምፅን የሚያዘውና ለመተንፈስ የሚያገለግለው ነርቭም እዚያው አካባቢ ያልፋሉ።

ነርቭ ላይ ያለ ዕጢ የራሱ ጠባይ አለው። የተወጠረ ገመድ ላይ ያለ ቋጠሮ አስቡ፤ ገመዱን ወደ ጎን መግፋት ትችላላችሁ፣ ቋጠሮውን ግን በገመዱ ርዝመት ማንሸራተት አትችሉም። ሽዋኖማም እንደዚያው ነው፦ ወደ ግራና ቀኝ ሲገፉት እሺ ይላል፣ በነርቩ አቅጣጫ ግን ንቅንቅ አይልም። ሌላው ምልክት መንዘር ነው። ሐኪሙ እብጠቱን በጣቱ ቀስ አድርጎ ሲመታው እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ነገር በክንድ ወርዶ ጣት ድረስ ይነዝራል። ይህ ምልክት በፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም በቲኔል ስም ይጠራል፤ እሱ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1915፣ በጦርነት ነርቫቸው የተጎዳ ወታደሮችን ሲያክም ነው። ዕጢው የድምፁ ነርቭ ላይ ከሆነ ደግሞ ሲጫኑት ያስላል። ግን ምንም ምልክት የማያሳይም ሞልቷል፤ ስላልነዘረ ነርቭ አይደለም ማለት አይቻልም። እቤት ቁጭ ብሎ ደግሞ ደጋግሞ መጫኑም አይጠቅምም፣ ተዉት።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እዚያ ቦታ ላይ በአዋቂ ሰው የሚወጣ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ሽዋኖማ አይደለም። ቲቢ፣ የንፍፊት ካንሰር፣ ከሳንባ ወይም ከጡት ተነስቶ የተሰራጨ ካንሰር እዚያው ይወጣሉ። በተለይ የግራው ጎን፦ ከሆድና ከደረት የሚመጣው ትልቁ የሊምፍ ቱቦ (በንፍፊቶች የሚያልፈውን ፈሳሽ የሚያጓጉዘው) የሚያርፈው በዚያ በኩል ስለሆነ የጨጓራ ካንሰር እንኳ አንዳንዴ መጀመሪያ ራሱን የሚያሳየው በግራ አንገት ሥር ነው። ስለዚህ «አያምም እኮ» ብሎ ወራት መጠበቅ አይገባም። እንዲያውም የማያምም ጠንካራ እብጠት ይበልጥ ነው መታየት ያለበት። ማላብ፣ መክሳት ወይም የማይለቅ ሳል አብሮ ካለ ደግሞ ነገ ዛሬ ማለት የለም።

ምርመራው ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ አልትራሳውንድ። እብጠቱ የታይሮይድ (እንቅርት) ይሁን፣ ንፍፊት ይሁን፣ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ይሁን፣ የስብ ዕጢ ይሁን ብዙ ጊዜ ይለያል፤ ጎበዝ ባለሙያ ነርቩ በአንድ ጫፍ ሲገባ በሌላው ሲወጣም ያያል። ቀጥሎ ኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል። በኤምአርአይ ሽዋኖማ ዳሩ ጥርት ያለ፣ በአንዱ የምስል ዓይነት ደመቅ ብሎ የሚያበራ፣ ሁለት ጅራት ያለው ሞላላ ነገር ሆኖ ይታያል። ጅራቶቹ ነርቩ ራሱ ናቸው። እነሱን ያየ ሐኪም ቢላ ከማንሳቱ በፊት ቆም ይላል።

መርፌስ? ንፍፊት ከተጠረጠረ በመርፌ ናሙና መውሰድ ተገቢ ነው፣ አትፍሩት። ሽዋኖማ ላይ ግን ቀጭኑ መርፌ ብዙ ጊዜ በቂ ሴል አያወጣምና ውጤቱ «አልታወቀም» ብሎ ይመለሳል። ሲወጋም እስከ ጣት የሚወረወር ኃይለኛ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። እንዲህ ከነዘራችሁ ጥርስ ነክሶ መቻል አያስፈልግም፤ «ነዘረኝ፣ እስከዚህ ጣቴ ወረደ» ብላችሁ እዚያው ተናገሩ። ያቺ አንዲት ቃል ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ናት።

የሚያሳዝነኝ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ምስል ሳይነሳ «ትንሽ ንፍፊት ናት፣ አደንዝዘን እናውጣት» ይባልና ዕጢው ከነነርቩ ተቆርጦ ይወጣል። ሰውየው ከአልጋ ሲነሳ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። የተቆረጠ ነርቭ ዳግም ቢሰፋ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከአንገት እስከ ጣት ያለውን ርቀት አስቡት፤ 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 700 ቀን። ነርቩ እስኪደርስ ድረስ ጡንቻው መንምኖ ያልቃል። ዕጢው ራሱ ግን እንዲህ ያለ ጉዳት ላያደርስ ይችል ነበር።

ሕክምናው ሁሌ ኦፕራሲዮን አይደለም። ትንሽ ከሆነ፣ ካላመመ፣ ምስሉም ጥርት ብሎ ሽዋኖማ ከመሰለ፣ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ በኤምአርአይ እየተከታተሉ መቆየት ይቻላል። ይህ ቸልተኝነት አይደለም፣ ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው። ካደገ፣ ካመመ፣ እጅ ማደንዘዝ ወይም ማድከም ከጀመረ፣ ወይም ምንነቱ ካጠራጠረ ግን ይወጣል።

ደግነቱ ሽዋኖማ ለመውጣት የተመቸ ነው። የነርቩን ክሮች ወደ ጎን ገፍቶ፣ የራሱን ስስ ከረጢት ለብሶ ነው የሚያድገው። (ዘመዱ ኒውሮፋይብሮማ ግን ክሮቹ በመሃሉ ስለሚያልፉ አስቸጋሪ ነው።) ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ከረጢቱ ላይ የተለጠጡትን ክሮች ይፈልጋል። በትንሽ የኤሌክትሪክ ንኪኪ ይሞክራል፤ ጣት ወይም ክንድ ከተንቀሳቀሰ ያ ቦታ አይነካም። ምንም የማይንቀሳቀስበትን ጸጥ ያለ ቦታ ሲያገኝ በነርቩ ርዝመት ይሰነጥቀዋል እንጂ በወርዱ አይቆርጠውም። ከዚያ ዕጢው ከከረጢቱ ተፈልቅቆ ይወጣል፣ ነርቩ ይቀራል። ለዚህ ሁሉ ጡንቻ መንቀሳቀስ መቻል አለበት፣ ስለዚህ ማደንዘዣ ሰጪው ጡንቻን ለረጅም ጊዜ የሚያስር መድኃኒት አይሰጥም።

አደጋ የለውም አልልም። የሳንባ ጫፍ ቅርብ ነው፣ የመተንፈሻው ነርቭ ቅርብ ነው፣ በግራ ከሆነ ያ የሊምፍ ቱቦ አለ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ለሳምንታት ወይም ለወራት መደንዘዝና መድከም ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛው በፊዚዮቴራፒ እየተሻሻለ ይሄዳል። በደንብ ከወጣ ተመልሶ መምጣቱ ብርቅ ነው። የወጣው ዕጢ ወደ ፓቶሎጂ (ዕጢውን በማይክሮስኮፕ ወደሚመረምረው ላቦራቶሪ) መሄዱን አረጋግጡ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው እሱ ነው።

ከአንድ በላይ እንዲህ ያለ ዕጢ ያለው፣ መስማት እየቀነሰበት የመጣ፣ ወይም በቤተሰቡ ተመሳሳይ ነገር ያለ ሰው ይህንን ለሐኪሙ ይንገር። በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ የዘር ለውጥ ሽዋኖማ በብዛት እንዲወጣ ያደርጋል፤ ያኔ ክትትሉ ሌላ ነው።

ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ደግሞ ቀዳጁን ሐኪም ሁለት ነገር ጠይቁት፦ «ይህ ከነርቭ የመጣ ሊሆን ይችላል? በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ነርቩን መሞከሪያ መሣሪያ አላችሁ?» ሁለተኛው መልስ «የለንም» ከሆነ፣ ወዳለበት እንዲልካችሁ መጠየቅ አያሳፍርም። ዕጢው በዝግታ ነው የሚያድገው፤ ሽዋኖማ መሆኑ ከታወቀ ለጥቂት ሳምንት ቀጠሮ ጊዜ አለ።