«ማደንዘዣ ልብ ያቆማል» ይባላል፤ እውነታውስ?

ኦፕራሲዮን የታዘዘለት ሰው ከቀዶ ጥገናው ይልቅ ማደንዘዣውን ሲፈራ ብዙ ጊዜ አያለሁ። «ቢላውንስ እችለዋለሁ፣ ያ መርፌ ነው የሚያስፈራኝ» ይላሉ። ፍርሃቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። በደም ስር የሚሰጡ የሰመመን መድኃኒቶች ልብንና የደም ዝውውርን በእርግጥ ይነካሉ። የሚነኩበት መንገድ ግን ሰፈር ውስጥ ከሚወራው ይለያል።

«ማደንዘዣ ልብን አቁሞ ነው የሚያስተኛው»

አያቆምም። መድኃኒቱ የሚያስተኛው አንጎል ላይ ሠርቶ ነው፤ ልብ ምቱን ይቀጥላል። ፕሮፖፎልን እንውሰድ፣ ያ ነጭ ወተት የመሰለውን መድኃኒት። ሲሰጥ የደም ስሮች ይላላሉ። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፤ የልብ ጡንቻም በመጠኑ ይደክማል። ግፊት ሲወርድ ልብ ምቱን አፍጥኖ ማካካስ ነበረበት፤ ፕሮፖፎል ይህንንም ምላሽ ያዳክመዋል። ስለዚህ የላይኛው ግፊቱ 140 የነበረ ሰው ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ 100 ላይ ሊገኝ ይችላል። ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። ራስጌ የቆመው ባለሙያ ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ቀድሞ ቀድቶ አጠገቡ የሚያስቀምጠውም ለዚሁ ነው።

«መጠኑ በኪሎ ይሰላል፣ አለቀ»

ኪሎ መነሻ ብቻ ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ ፕሮፖፎል በአንድ ኪሎ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊግራም ይሰጣል። ለ75 ዓመት አዛውንት ይህ ይበዛል፤ ወደ 1 ሚሊግራም ገደማ ዝቅ ይደረጋል። ፍጥነቱም ከመጠኑ አያንስም። የልብ ድካም ያለበት ሰው ደሙ የሚዞረው ቀስ ብሎ ነው። ክንድ ላይ የተሰጠው መድኃኒት አንጎል እስኪደርስ ይቆያል። የቸኮለ ሰው «ገና አልተኙም» ብሎ ይደግማል። ከዚያ የመጀመሪያውና ሁለተኛው ተደራርበው ይደርሱና ግፊቱ ያሽቆለቁላል። በዚህ ሥራ ውስጥ እጅን ይዞ እንደ መጠበቅ ከባድ ችሎታ አላውቅም።

«ኬታሚን ግፊት አይጥልም፣ ለሁሉም ደህና ነው»

ይሄ ከባለሙያም አፍ ይሰማል፤ ስለዚህ ረዘም ላድርገው። ኬታሚን የተባለው የሰመመን መድኃኒት ለአገራችን ባለውለታ ነው። ትንፋሽን ብዙም አይጫንም፣ የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ይህን የሚያደርገው ግን የሰውነትን የራሱን አድሬናሊንና መሰሎቹን ቀስቅሶ ነው። በቀጥታ የልብ ጡንቻ ላይ ያለው ውጤት ተቃራኒው ነው፤ ያደክመዋል። ለቀናት በኢንፌክሽን የተንገላታ ወይም ብዙ ደም ፈሶት የዛለ ሰው የሚቀሰቀስ አድሬናሊን ላይተርፈው ይችላል። እሱ ላይ ኬታሚንም ግፊት ይጥላል።

ሌላም አለ። በልጅነት ከቶንሲል ሕመም ተከትሎ በሚመጣ የልብ በሽታ ቫልቫቸው (ደም የሚያሳልፈው የልብ በር) የጠበበ ብዙ ወጣቶች አሉን። በጠበበ ቫልቭ ደም ለማለፍ በምትና በምት መካከል ጊዜ ይፈልጋል። ኬታሚን ምቱን ሲያፈጥነው ያ ጊዜ ያጥራል። ደሙ ወደ ኋላ ተጠራቅሞ ሳንባ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ለእንዲህ ዓይነት ታካሚ «ደህናው መድኃኒት» የሚባለው ራሱ ጣጣ ያመጣል።

«በፐርል ሃርበር ከጃፓን ቦምብ ይልቅ ማደንዘዣው ገደለ»

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1941 ጃፓን ባጠቃችው የአሜሪካ ባህር ኃይል ሰፈር፣ በፐርል ሃርበር፣ የቆሰሉ ወታደሮች ታዮፔንታል በተባለ የሰመመን መድኃኒት ምክንያት በገፍ ሞቱ የሚለው ታሪክ በሙያው ውስጥ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። በኋላ መዝገቦቹ ሲመረመሩ በጣም የተጋነነ ሆኖ ተገኘ። አደጋው ግን እውነተኛ ነው። ደም የፈሰሰው ሰው ግፊቱን የሚይዘው የደም ስሮቹን አጥብቆ ነው። ታዮፔንታል ያንን ጥበቃ ይለቅበታል። አስቀድሞ ደምና ፈሳሽ መተካት፣ መጠኑንም መቀነስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«የልብ ሕመምተኛ ሰመመን አይወስድም»

ይወስዳል። የልብ ቀዶ ጥገናው ራሱ በሰመመን አይደል የሚሠራው? እንደ ኢቶሚዴት ያሉ ግፊትን እምብዛም የማይነኩ መድኃኒቶችም አሉ። እሱም ቢሆን አንዴ ብቻ ተሰጥቶ እንኳ ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ለሰዓታት ስለሚቀንስ፣ ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ለገባበት ሰው ለመስጠት ብዙዎች ያመነታሉ።

«ከኦፕራሲዮን በፊት የሚወሰድ ኪኒን ሁሉ ይቆማል»

እባካችሁ ይህን በራሳችሁ አትወስኑ። አቴኖሎልን ወይም ሜቶፕሮሎልን የለመደ ሰው በድንገት ካቆመ ምቱና ግፊቱ ሊያሻቅብ፣ ልቡም ሊጎዳ ይችላል። ብዙውን ጊዜ በቀዶ ጥገናው ጠዋትም በትንሽ ውሃ ይዋጣል። ኢናላፕሪል ደግሞ በሰመመን ጊዜ ግፊትን አብዝቶ ሊጥል ስለሚችል ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀን በፊት ይቆማል። ሁለቱም «የግፊት ኪኒን» ናቸው፣ መልሳቸው ግን ለየቅል ነው። ጫት የሚቅምም ሰው ሳያፍር ይናገር፤ ጫት ምትንና ግፊትን ይጨምራል። የኪኒኑ ስም ከጠፋባችሁ ማሸጊያውን ይዛችሁ ኑ፤ አይተን እንነግራችኋለን።