«ለምጄዋለሁ» የሚለው ሰውና የማይለምደው ሴል፦ ስለ እንቅልፍ ማጣት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው ስናይ «ትንሽ ጋደም ቢል ይለቀዋል» እንላለን። ድካሙ ሊለቀው ይችላል። ሴሎቹ ውስጥ የሆነው ነገር ግን በዓይን አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ለራሱም አይሰማውም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ የማይሰማው ነው።

«ቡና ከጠጣሁ እንቅልፌ ይጠፋል»

አይጠፋም፤ ይደበቃል። አንጎል ሲሠራ ኤቲፒ የሚባለውን የኃይል ሞለኪውል ይጠቀማል። ከሱ መፈራረስ አዴኖሲን ይፈጠራል። ነቅተን በቆየን ቁጥር እየተጠራቀመ የነርቭ ሴሎች ተቀባዮች ላይ ይቀመጣል፤ ያኔ ዓይናችን ይከብዳል። ካፌይን በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል ቀድሞ ቦታውን ይይዝበታል። አዴኖሲኑ ግን የትም አልሄደም። ካፌይኑ ሲለቅ ድካሙ ዱብ የሚለው ለዚህ ነው። ደግሞም ከሰው ሰው ቢለያይም፣ የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይም ግማሹ አብሮን አለ ማለት ነው።

«የሚጎዳው አንጎል ብቻ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄን ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የእንቅልፍ ተመራማሪዋ ኢቭ ቫን ካውተርና ባልደረቦቿ ቺካጎ ውስጥ 11 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለ6 ሌሊት በቀን 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ አደረጉ። ወጣቶቹ እንቅልፍ ከጠገቡበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር፣ ስኳር ከደማቸው የሚወጣበት ፍጥነት 40 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

በ2012 ደግሞ ተመራማሪዎች ጥያቄውን እስከ ሴሉ ድረስ ይዘውት ወረዱ። 7 ሰዎች ለ4 ሌሊት 4 ሰዓት ተኩል ብቻ ከተኙ በኋላ የስብ ሴሎች ተወሰደላቸው። ሴሎቹ ላብራቶሪ ውስጥ ኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳር ከደም ወደ ሴል እንዲገባ የሚያዘው ሆርሞን፣ ሲሰጣቸው ምላሻቸው 30 በመቶ ገደማ ወርዶ ተገኘ። እስቲ አስቡት። የስብ ሴል አያዛጋም፣ አይነጫነጭም። ከሰውየው አካል ወጥቶ እንኳ እንቅልፍ ማጣቱ አብሮት ነበር። ኢንሱሊን «ስኳሩን አስገባ» ሲለው ሴሉ ውስጥ ያለው የመልእክት ሰንሰለት እንደቀድሞው አልሠራም። ይህ ችግር ለብዙ ጊዜ ሲዘልቅ ወደ ዓይነት ሁለት ስኳር በሽታ ከሚወስዱ መንገዶች አንዱ ነው።

«ጂን ከተወለድን በኋላ የሚነካው የለም»

የጂኑ ጽሑፍ በእንቅልፍ ማጣት አይለወጥም። የሚለወጠው የትኛው ጂን ምን ያህል እንደሚሠራ ነው። በ2013 እንግሊዝ ውስጥ 26 ሰዎች ለአንድ ሳምንት በቀን ከ6 ሰዓት በታች ሲተኙ፣ በደማቸው ውስጥ የ711 ጂኖች እንቅስቃሴ ተቀየረ። የሰውነት ሰዓትን፣ የሰውነት መቆጣትንና የበሽታ መከላከልን የሚመለከቱ ጂኖች ይገኙበታል። አንድ ሳምንት ብቻ! ስንቶቻችን ዓመቱን ሙሉ እንዲህ እንኖራለን?

«ቅዳሜና እሁድ አካክሰዋለሁ»

ድካሙን በከፊል፣ አዎ። በ2019 በወጣ የኮሎራዶ ጥናት ግን፣ ሰዎች በሥራ ቀናት 5 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እንዳሻቸው ተኙ። ወደ 5 ሰዓቱ ሲመለሱ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ያው ቀንሶ ተገኘ።

«እኔ 5 ሰዓት ይበቃኛል፣ ለምጄዋለሁ»

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው፤ የሚናገረው ሰው እየዋሸ አይደለምና። በ2003 በወጣ ጥናት ሰዎች ለ14 ቀን በቀን 4 ወይም 6 ሰዓት ብቻ ተኙ። በትኩረት ፈተና ላይ ስህተታቸው በየቀኑ ጨመረ። «እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል» የሚለው ስሜታቸው ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ብዙም አልጨመረም። የለመደው ስሜታቸው ብቻ ነው።

በተፈጥሮ ጥቂት የሚበቃቸው ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው። በ2009 ዴክ2 በተባለ ጂን ላይ ለውጥ ያላቸው የአንድ ቤተሰብ አባላት 6 ሰዓት ገደማ ተኝተው በደህና እንደሚውሉ ታውቋል። እንዲህ ያለው ለውጥ ግን እጅግ ብርቅ ነው፤ በልምምድም አይገኝም። ለአብዛኛው አዋቂ የሚመከረው ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። ዛሬ ማታ 2 ሰዓት መጨመር ከከበዳችሁ፣ በግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ መብራቱን አጥፉ።